ለድረ ገጽ ቅጾች ቀላል ላይብረሪ መሥራት ለምን ያስፈልጋል?

ምዝገባ፣ ማመልከቻና ክፍያ በድረ ገጽ የሚፈጸሙት በቅጽ አማካይነት ነው። ስለሆነም የቅጽ መጓተት ወይም መበላሸት የተጠቃሚውን ጉዳይ በቀጥታ ያሰናክላል። ቅጽን የሚያስተዳድሩ በርካታ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች እያሉ ሌላ ቀላል ላይብረሪ መሥራት ለምን አስፈለገ? ይህ ጽሑፍ መልሱን የሚፈልገው ከኮዱ መጠን ይልቅ፣ ተጠቃሚው የሞላውን መረጃ የሚይዘው ማን ነው ከሚለው ጥያቄ ነው።

ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ የተለመደው አንዱ አሠራር፣ የእያንዳንዱን መስክ ይዘት በፕሮግራሙ ውስጥ መያዝ ነው። በዚህ አሠራር ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ይዘቱ ይታደሳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የገጹ ክፍልም እንደገና ይሰላል። ሪደክስ ፎርም የተባለው ላይብረሪ ደግሞ ይህን ለውጥ ፕሮግራሙ በሙሉ በሚጋራው ማከማቻ ውስጥ ያሰፍራል። መስኮቹ ጥቂት ሲሆኑ ወጪው አይታወቅም። መስኮቹ ሲበዙና ስልኩ ደካማ ሲሆን ግን ጽሑፉ ከጸሐፊው ጣት ወደ ኋላ ይቀራል።

በአንጻሩ አሳሹ ራሱ የመስኮቹን ይዘት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 አስገዳጅ መስኮችን፣ የኢሜይል አድራሻንና የጽሑፍ ቅርጽን የማረጋገጥ ችሎታ ለአሳሹ ሰጥቷል። ላይብረሪው ይህን መሠረት ከተጠቀመ የሚቀሩት ዋና ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ የስሕተት መልእክትን በተገቢው ቦታ ማሳየት፣ ተጠቃሚው የነካቸውን መስኮች መለየት፣ የመላክን ሂደት መከታተል። ሪአክት ሁክ ፎርም በመሠረቱ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

የአማርኛ አጻጻፍ ጉዳዩን ይበልጥ ያጎላዋል። በብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች «ሰ» የሚገኘው በመጀመሪያ «ስ» ተጽፎ የአናባቢው ቁልፍ ሲከተል ነው። ፊደሉ ሳይጠናቀቅ ላይብረሪው የመስኩን ይዘት መልሶ ከጻፈ ቃሉ ሊበላሽ ይችላል። አሳሹ የፊደል ቅንብር መጀመሩንና ማብቃቱን የሚያስታውቅበት ክስተት ስላለ፣ ማረጋገጫው እስከዚያ ሊቆይ ይገባል። እንዲሁም ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን የላቲን ፊደላት ብቻ የሚቀበል የስም ማረጋገጫ በግእዝ ፊደል የተጻፈን ትክክለኛ ስም ውድቅ ያደርጋል።

ይህ አቀራረብ ወሰን አለው። የአንዱ መስክ ይዘት የሌላውን መታየት ወይም ድምር ሲወስን ፕሮግራሙ ለውጡን ወዲያው ማወቅ አለበት። መፍትሔው የሚመለከታቸውን መስኮች ብቻ መከታተል እንጂ ቅጹን በሙሉ ማደስ አይደለም። በአሳሹ የሚደረግ ማረጋገጫም በሰርቨር የሚደረገውን አይተካም፤ ማንኛውም ሰው ሊያልፈው ይችላልና።

በመሆኑም የላይብረሪው ቀላልነት የሚለካው በፋይሉ ማነስ ብቻ አይደለም። አሳሹ በሚገባ የሚሠራውን ሥራ ለአሳሹ መተዉ፣ ተጠቃሚውም የጻፈውን ሳያጣ ጉዳዩን መፈጸም መቻሉ ዋነኛው መለኪያ ነው።