ከጋን ወደ ፋብሪካ፤ በቤት የተጠመቀ መጠጥ ለሰፊ ገበያ ስለሚቀርብበት ውል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ጠማቂዎች ተጎራብተው ሲኖሩ ያገኛል። አንደኛው በቂሊንጦ የተሠራው የሃይኒከን ቢራ ፋብሪካ ነው። ይህ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዝቶ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ፣ የቂሊንጦውን ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ከፈተ። ሲከፈትም በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር እንዲያወጣ ታስቦ ነበር። ሁለተኛዋ ጠማቂ ጋኗን በወይራ አጥና፣ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ለሰንበቴ፣ ለማኅበርና ለሠርግ፣ አንዳንዴም በደጇ ለሚያልፈው ጠጪ ጠላ የምታዘጋጀው ባለሙያ ናት። አንድ ጋን 50 ሊትር ይይዛል ብለን ብናስብ፣ ፋብሪካው በአንድ ዓመት ሊያወጣ የታሰበው መጠጥ ሦስት ሚሊዮን ጋን ይሞላል። ሁለቱ ጠማቂዎች በአንድ አካባቢ ቢኖሩም በንግድ ረገድ የሚገናኙበት በር እስካሁን አልተከፈተም።

በውጭ አገር ግን ይህ በር ከተከፈተ ቆይቷል። በቤቱ የሚጠምቅ ሰው መጠጡን ለውድድር ያቀርባል፤ ዳኞች ቀምሰው ይመርጣሉ፤ ያሸነፈውንም መጠጥ አንድ ትልቅ ፋብሪካ በብዛት አምርቶ ለገበያ ያወጣዋል። ነገሩ ለእኛ ነጋዴዎች የሚያስተምረው ስላለ፣ አሠራሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

በአሜሪካ ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ ለአንድ ጎልማሳ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ላሉበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን፣ ይኸውም 757 ሊትር ያህል፣ ለራስና ለቤተ ሰብ ፍጆታ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል፤ መሸጥን ግን አይፈቅድም። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን። በዚያው ዓመት የቤት ጠማቂዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ውድድሮችም እየበዙ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሳሙኤል አዳምስ የተባለውን ቢራ የሚያወጣው የቦስተን ቢራ ኩባንያ ‹ሎንግሾት› የተሰኘ ውድድር አቋቁሞ፣ የአሸናፊዎቹን ቢራ በራሱ ፋብሪካ ጠምቆ በአገሩ ሁሉ ሸጠ። ውድድሩ ጥቂት ዓመታት ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደገና ተጀመረ። በዚያው ዓመት በታላቁ የአሜሪካ የቢራ ፌስቲቫል ላይ አንድ ባለሙያ ጠማቂና አንድ የቤት ጠማቂ ተጣምረው የሚወዳደሩበት ክፍል ተጨመረ።

የኩባንያው መሥራች ጂም ኮክ ራሱ የመጣበት መንገድ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስላል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራውን ሲጀምር ፋብሪካ አልነበረውም። የአያቱን አያት የአጠማመቅ ዘዴ ከቤተ ሰቡ ተቀብሎ በወጥ ቤቱ ሞከረው፤ ከዚያም በሌላ ከተማ የሚገኝ፣ የፒትስበርግ ጠመቃ ኩባንያ የሚባል ነባር ፋብሪካ በውል እንዲጠምቅለት አደረገ። ዘዴውና ስሙ የእርሱ፣ ጋኑ የሌላ ሰው ሆነ። በዴንማርክም ሚኬለር የተባለው ድርጅት የራሱ ፋብሪካ ሳይኖረው በሌሎች ፋብሪካዎች እያስጠመቀ በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ዘዴን ለፋብሪካ ሰጥቶ ከሽያጩ ድርሻ ወይም ሽልማት መቀበል ሲሆን፣ ሁለተኛው ስምንና ዘዴን በእጅ ይዞ የፋብሪካውን ጉልበት መከራየት ነው። በመጀመሪያው መንገድ ጠማቂው የሚያወጣው ወጪ የለም፤ ኪሳራም አያገኘውም፤ ነገር ግን መጠጡ ቢወደድ ትርፉ የፋብሪካው ነው። በሁለተኛው ብቅሉንም ጠርሙሱንም የሚገዛው ራሱ ጠማቂው ስለሆነ ኪሳራው ቢመጣ የእርሱ ነው፤ ስሙ ግን ከእጁ አይወጣም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በአፍሪካ የታየው ይህ ነው። በሰሜን ሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ በኪትዌ ከተማ፣ ማክስ ሃይንሪክ የተባለ ሰው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአገሬው ሴቶች ከማሽላና ከበቆሎ የሚጠምቁትን ድፍርስ መጠጥ በፋብሪካ ማውጣት ጀመረ። የመጠጡ ስም ‹ቺቡኩ› የተባለው ሰውየው ስለ ጠመቃው ይጽፍበት ከነበረው መዝገብ ነው ይባላል፤ ቃሉ መጽሐፍ ማለት ነውና። ቺቡኩ ዛሬ በዛምቢያ፣ በዚምባብዌ፣ በማላዊና በሌሎችም አገሮች ይሸጣል። ዘዴው የመንደር ሴቶች ዘዴ ነበረ፤ መዝገቡን የያዘው ግን ሌላ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ ስሙም ንግዱም የመዝገቡ ባለቤት ሆነ። በአገራችን ጠላ የሚጠምቁ ወይዘሮዎች የያዙት ዕውቀት በእጅና በአፍንጫ የሚለካ እንጂ በጽሑፍ ያለ አይደለም፤ ‹‹ድፍድፉ ሲሸትት››፣ ‹‹እንኩሮው ሲደርስ›› በማለት ይሠራሉ። በንግድ ዓይን ሲታይ ያልተመዘነና ያልተጻፈ ዕውቀት ሊሸጥ አይችልም፤ ሊወሰድ ግን ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው ጠባይ እንምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በቢራ ፋብሪካ የብቅሉ ውሃ ከሆፕ ጋር ይፈላል፤ በመፍላቱም በውስጡ የነበረው ረቂቅ ተሕዋስ ይሞታል። ከቀዘቀዘ በኋላ ተመርጦና ብቻውን ተራብቶ የተዘጋጀ አንድ ዓይነት እርሾ ይጨመርበታል። በጠላ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጌሾው በጥሬው ተወቅጦ በጥንስሱ ይገባል፤ ብቅሉና ቂጣው ይከተላል፤ ከዚያ እንኩሮው ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል። እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ከራሱ የሚመጣ ድብልቅ ነው፤ ከእርሱም ጋር የኮመጠጠ ጣዕም የሚሰጡ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ። የጠላ ጣዕም ከዚህ ድብልቅ የተነሣ ስለሆነ፣ ፋብሪካው ጌሾውን እንደ ሆፕ አፍልቶ የራሱን እርሾ ቢጨምርበት የሚያገኘው የጌሾ ቢራ እንጂ ጠላ አይደለም። ሳያፈላ በጥሬው ቢያስገባው ደግሞ በቧንቧውና በታንኩ ውስጥ የጠላው ተሕዋስ ሰፍሮ ቢራውን ሁሉ ሊያበላሽበት ይችላል። ማንም ጥንቁቅ የፋብሪካ ኃላፊ ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ጠላን በፋብሪካ ለማውጣት ከቢራው የተለየ ቤትና የተለየ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ወይም የጌሾ ቢራን በጌሾ ቢራነቱ ተቀብሎ ጠላ ነው ብሎ ሳይዋሹ መሸጥ ነው። ይህ ሁለተኛው ወጪው ቀላል ስለሆነ በመጀመሪያ ሊሞከር የሚችለው እርሱ ይመስላል። የባለሙያዋም ድርሻ አይጠፋም፤ የጌሾውን ዓይነት፣ የቅጠሉንና የእንጨቱን መጠን፣ የገብሱን አቆላል የምታውቀው እርሷ ናትና።

ሌላው የመቆየት ነገር ነው። ጠላ ከተጣራና አየር ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሖመጥጣል። ቺቡኩም በቀድሞው ዓይነቱ በካርቶን ውስጥ ሆኖ መብሰሉን ስለሚቀጥል፣ ከፋብሪካ ከወጣ በሳምንት ውስጥ መጠጣት ነበረበት። ኋላ በሙቀት ተቆጥቦ የሚወጣው ‹ቺቡኩ ሱፐር› ሲመጣ ዕድሜው እስከ 21 ቀን ረዘመ። ከአንድ ሳምንት ወደ ሦስት ሳምንት መሻገር ለጠጪው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለነጋዴው ግን መጠጡን ከፋብሪካው ደጅ አውጥቶ ወደ ሩቅ ከተማ መጫን መቻል ማለት ነው።

ቀደም ብሎ በልብ ይያዝ ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። አሜሪካዊው የቤት ጠማቂ መሸጥ አልተፈቀደለትም፤ የሚጠምቀውም ለመደሰቻ ነው። ዘዴውን ለፋብሪካ ቢሰጥ ከገቢው አንዳች አይጎድልበትም፤ ሽልማቱና ስሙ በጠርሙስ ላይ መታተሙ ሁሉ ጭማሪ ነው። የእኛ አገር ባለሙያ ግን ነጋዴ ናት። ከጋኗ ልጆች አስተምራለች፤ የቤት ኪራይ ከፍላለች። ስለዚህ የአሜሪካውን ውል እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ለእርሷ ጉዳት ነው።

ለምሳሌ ያህል በኮዬ ፈጬ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ በሳምንት ሁለት ጋን፣ በወር 400 ሊትር ይሸጣሉ፤ ወጪያቸው ተቀንሶ በሊትር 20 ብር ይተርፋቸዋል እንበል። የወር ትርፋቸው 8,000 ብር ይሆናል። ፋብሪካ ዘዴያቸውን ወስዶ በወር 200 ሄክቶ ሊትር፣ ማለት 20,000 ሊትር፣ ቢሸጥና በሊትር 50 ሳንቲም ድርሻ ቢሰጣቸው 10,000 ብር ያገኛሉ። ነገር ግን በውሉ ‹‹ይህን መጠጥ ሌላ አይጠምቅም›› የሚል ቃል ካለበት የራሳቸው 8,000 ብር ይቀራል፤ እውነተኛው ጭማሪ 2,000 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ከስድስት ወር በኋላ ‹‹ገበያ የለውም›› ብሎ ቢያቆም ደግሞ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ቤት ሄደዋልና ከሁለቱም ይጎድላሉ። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረጃ የተወሰዱ ብቻ ናቸው፤ ስሌቱን ግን ከመፈረም በፊት እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቁጥር ሊሠራው ይገባል። በእንዲህ ያለ ውል ፋብሪካው ቢሸጥም ባይሸጥም የሚከፈል ዝቅተኛ የወር ክፍያ፣ የውሉ ዘመን፣ ባለሙያዋም በቤቷ መሸጧን መቀጠል መቻሏ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ስለ ሕጉ ደግሞ ጥቂት ቃል። ጠላ ከጥንት የታወቀ ስለሆነ ‹‹ጠላን የፈጠርሁ እኔ ነኝ›› ብሎ የፈጠራ መብት ማውጣት አይቻልም፤ የፈጠራ ሕጋችን አዲስነትን ይጠይቃል። ‹‹ጠላ›› የሚለውንም ቃል ብቻውን የንግድ ምልክት አድርጎ ማስመዝገብ አይቻልም፤ የሁሉ ስም ነውና። ሊጠበቅ የሚችለው የሚለየው ስም ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ሊታደስም ይችላል። ዘዴው ራሱ የሚጠበቀው በምሥጢርነቱ ነው፤ ስለዚህ መጠኑ ለፋብሪካው ባለሙያ ከመነገሩ በፊት የምሥጢር ስምምነት መፈረም አለበት፤ ከተነገረ በኋላ ክርክሩ አድካሚ ነው። ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስብም ድርጅት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በጎዳና ሰሌዳ እንደ ከለከለ ማወቅ ይገባዋል። የአሜሪካው ውድድር ትልቁ ጥቅሙ ወሬው ነበረ፤ በአገራችን ያ ወሬ በአብዛኛው ከአፍ ወደ አፍ መሄድ ሊኖርበት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ለጠላ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዘንግ ላይ ከተሰቀለች ጣሳ በቀር ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም።

አስመጪዎችና ላኪዎችም በነገሩ የሚያገኙት አለ። ለቢራ የሚሆነው ሆፕ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሲሆን፣ ጌሾ በየገበያው የሚሸጥ የአገር ተክል ነው። ነገር ግን ፋብሪካ ጌሾን በኩንታል ሲገዛ ቅጠሉ ከእንጨቱ ተለይቶ፣ በጥላ ደርቆ፣ እርጥበቱ ተለክቶ እንዲቀርብለት ይጠይቃል። ይህን ደረጃ ዛሬ ያለማመደ ነጋዴ፣ ጠጅና ጠላ በውጭ አገር ለሚጠምቁ ወገኖቻችን ጌሾ የሚልክም ሆነ በአገር ውስጥ የሚያቀርብ፣ ሁለት ገበያ ይጠብቀዋል። የጣዕሙንና የተሕዋሱን ምርመራ በሚመለከት በዚያው በቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ለባለሙያዋም ለፋብሪካውም መንገድ ያሳጥራል።

ለባለ ሱቁ ዋናው ጥያቄ ቀኑ ያለፈበት ጠርሙስ የማን ኪሳራ ነው የሚለው ነው። ዕድሜው ሦስት ሳምንት የሆነ መጠጥ ሁለት ሳምንት በአከፋፋይ መጋዘን ከቆየ ለባለ ሱቁ የሚተርፈው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ኪሳራው በእርሱ ላይ ከወደቀ ደግሞ ጥቂት ብቻ ያዝዛል። ስለዚህ በባለሙያዋና በፋብሪካው ውል ውስጥ ድርሻዋ የሚታሰበው ከፋብሪካ በወጣው ሊትር ነው ወይስ በሱቅ በተሸጠው የሚለው ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ከሱቅ የተመለሰው ጠርሙስ ከእርሷ ድርሻ የሚቀነስ ከሆነም ከመፈረሟ በፊት ይነገራት።