ልቅሶው የጀመረበት ሰዓት

እህቶቼ፣ አሁን አቡ ዳቢ ውስጥ እንደ እናንተ ያሉ እህቶችን አማክራለሁ። ከዚያ በፊት አል አይን ሰው ቤት ስሠራ የሰባት ወር ሕፃን እይዝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ልጁ ድንገት ጮኸ። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ያለቅስና ዝም ይላል፤ እንዲያውም ይጫወታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና። የማዳም እናት "ጋዝ ነው" ብለው ያንሱን አፈሉለት። አገር ቤት ብሆን እኔም ጤና አዳም እሰጠው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረንጓዴ ሲያስመልስ ፈራሁ። "ምን አበላሽው?" እንዳልባል ብዬም ማዳም ስትመጣ "አሁን ነው የጀመረው" አልኳት።

ሐኪም ቤት ዶክተሯ ደጋግማ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ጀመረው? በመጨረሻ እውነቱን አውጥቼ "ሳዓ አርበዓ" አልኳት። እሷ የጻፈችው ከሰዓት በኋላ አራት ብላ ነው። በእኛ አቆጣጠር መናገሬ ነበር! "ሁለት ሰዓት ብቻ ነው" ስትል ነቅቼ ከጠዋቱ አሥር ሰዓት መሆኑን አስረዳሁ። ስምንት ሰዓት ሆኖት ነበር።

ሕመሙን ዐረቦች ኢንጊላፍ ይሉታል። እጅጌ ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ጨርቅ በጨርቅ ውስጥ እንደሚገባ፣ አንዱ የአንጀት ክፍል በሚቀጥለው ውስጥ ይገባል። ምግብ አያልፍም፤ ሲቆይ ደም ስለማይደርሰው አንጀቱ ይሞታል። የሚበዛው ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም፤ አንዳንዴ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይቀድመዋል። አንቺ ባበላሽው ምግብ የመጣ አይደለም።

በአልትራሳውንድ ካዩት በኋላ በመቀመጫው በኩል በቱቦ አየር ወይም ፈሳሽ ያስገባሉ፤ አንጀቱ ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከአሥር ልጆች ወደ ስምንት የሚሆኑት ያለ ቀዶ ሕክምና በዚህ ይድናሉ። ሐኪሞች አየሩ ይሠራ እንደሆነ አስቀድመው የሚገምቱት ከቆየበት ሰዓት፣ በሰገራ ደም ከመኖሩና ልጁ ከመድከሙ ነው። 24 ሰዓት ካለፈ ዕድሉ ይቀንሳል። አንጀቱ ከተበሳ ግን በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ነው። አገራችን ብዙ ልጆች የሚቀደዱት ቀናት ቆይተው ስለሚደርሱ ነው።

እንደ ማርማላታ ያለ ደምና ንፍጥ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ እሱን አትጠብቂ። ሳያለቅስ የሚገረጣና የሚዝለፈለፍ ልጅም አለ። በአፉ ምንም አትስጪው፣ ሆዱንም አትሺው። የቆሸሸውን ዳይፐር ይዘሽ ሂጂ። አረንጓዴ "አኽደር" ነው፤ ደም በዐረብኛም ደም ነው። ቤት ሰው ከሌለ አምቡላንስ 998 ነው።

የእኛ ልጅ በአየሩ ዳነ። ነገር ግን ከአሥሩ በአንዱ ያህል ሕመሙ ይመለሳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ቤት ከገባን በኋላ ሁለት ሌሊት አልጋው ሥር ተኛሁ። ባለቀሰ ቁጥር ሰዓቱን ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር።