«የሚያናግር ሽሮፕ» የለም፤ የሚያስተምር ቤተሰብ ግን አለ

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤቱ ተሸፍኖ የሚቀር አንድ ጉዳይ እናነሳለን። እርሱም የዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አስተዳደግ ነው። እኩዮቹ ሲሄዱ ያልሄደ፣ እኩዮቹ ሲያወሩ ያላወራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እንዲሁም ጎረቤቶቻቸውና ዘመዶቻቸው የሆናችሁ ሁሉ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እንጋብዛለን።

የዕድገት ውስንነት ምንድን ነው?

የዕድገት ውስንነት አንድ በሽታ አይደለም። የልጁ አእምሮ በሚያድግበት ወቅት የሚከሰቱ የተለያዩ ችግሮች የጋራ መጠሪያ ነው። በብዛት የሚታወቁት ሦስቱ የሚከተሉት ናቸው።

ዳውን ሲንድሮም፦ አብዛኛውን ጊዜ 46 መሆን የነበረበት የክሮሞዞም ቁጥር ከፅንስ ጀምሮ 47 ሲሆን የሚከሰት ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ፦ የሕፃኑ አእምሮ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባለው ጊዜ ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ሳይታከም የቀረ የጨቅላ ሕፃን ከባድ ቢጫነትና ማጅራት ገትር ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው።

ኦቲዝም፦ ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ዓይን ለዓይን አይተያይም፤ በጣቱ ጠቁሞ አያሳይም፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ያደርጋል፤ ንግግሩ ይዘገያል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ምልክቶቹ ከልጅ ልጅ ይለያያሉ።

ጥፋተኛ መፈለግ አይጠቅምም

እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። «ቡዳ በልቶት ነው፣ ሲሕር ተደርጎባቸው ነው፣ እናቲቱ ምን ሠርታ ይሆን?» ይባላል። የአባት ወገን የእናትን ዘር፣ የእናት ወገን የአባትን ዘር ይወቅሳል። ትዳር የሚፈርሰውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

እናትን መውቀስ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ከገለጹ በኋላ፣ በአሜሪካ አንዳንድ ባለሙያዎች መንስኤው የእናት ፍቅር ማጣት ነው ብለው ለዓመታት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን በመጽሐፍ የሞገቱት በርናርድ ሪምላንድ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩ። ዛሬ ያ አስተሳሰብ ስህተት እንደነበረ ታውቋል። ክትባትም ኦቲዝምን አያመጣም። ይህን ወሬ ያስነሳው የ1998 ጽሑፍ፣ ያወጣው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ስለዚህ እህቴ ሆይ! ያለ ጥፋትሽ ራስሽን አትቅጪ።

መድኃኒት የሚረዳው የት ላይ ነው?

መድኃኒት ቤት የምሠራ በመሆኔ «ልጄን የሚያናግር ሽሮፕ አለሽ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። መልሱ ቢከብድም ግልጽ ነው።

1ኛ. ከላይ የጠቀስናቸውን ሦስቱን ችግሮች የሚያድን ክኒንም ሆነ ሽሮፕ ዛሬ የለም። «ለአእምሮ» እየተባለ የሚሸጥ ቫይታሚን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትስጡ። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበትን፣ ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል።

2ኛ. ሊታከም የሚችለው ነገር ግን እንዳያመልጣችሁ። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አብሯቸው ይወለዳል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ያጋጥማቸዋል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

3ኛ. ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። እንደ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ያሉት መድኃኒቶች በየቀኑ በሰዓታቸው መወሰድ አለባቸው። «ተሽሎታል» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። በረመዳንም በቤተሰቡ የጾም ሰዓት ምክንያት የልጁ መድኃኒት አይታለፍ። ልጁ በሚያንቀጠቅጠው ጊዜ ክብሪት ማሽተትና ማንኪያ በጥርሱ መሐል ማስገባት አይረዳም። በጎኑ አስተኙት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

4ኛ. ዱዓ ማድረግም ሆነ ሩቃ ማስቀራት መድኃኒት ማቆምን አይጠይቅም። «ጂኑ ይውጣ» ብሎ ልጁን የሚደበድብ፣ የሚያስር ወይም በጢስ የሚያፍን ሰው ግን በልጁ ላይ በደል እየፈጸመ ነውና ልጃችሁን አትስጡት።

እንደ አሊፍ ባ ደረጃ በደረጃ

ታዲያ የሚረዳው ምንድን ነው? በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ማስተማር ነው። ቁርኣን ቤት የገባን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ኡስታዛችን ሱራውን በአንድ ቀን አልጫኑብንም። ከአሊፍ ጀመሩ፣ ደጋገሙ፣ ስናውቅ ወደ ባ አለፉ። ለእነዚህም ልጆች መንገዱ ይኸው ነው፤ ድግግሞሹ ብቻ ይበዛል።

ለምሳሌ ሱሪ መልበስን እንውሰድ። እናት ሱሪውን እስከ ዳሌው ድረስ ታለብሰውና የመጨረሻዋን መሳብ ለልጁ ትተዋለች። ሲችል «ጎበዝ!» ትለዋለች። ሲለምደው ከጉልበቱ ጀምሮ፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ እንዲስብ ታደርጋለች። እጅ መታጠብም ሆነ ውዱእ ማድረግ በዚሁ መንገድ ይለመዳል። መናገር ላቃተው ልጅ ደግሞ የሚፈልገውን ወዲያው አትስጡት፤ ውኃውን አሳዩት፣ «ውኃ» በሉ፣ እስኪጠቁም ወይም ድምፅ እስኪያሰማ ትንሽ ጠብቁ።

ስለ አመጋገብ

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ አስተኝታችሁ አታጉርሱ፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጀርባውንና አንገቱን ደግፋችሁ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በትንሽ ማንኪያ አጉርሱት፣ ሳይውጥ አትድገሙ። ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ። ቀጭን ፈሳሽ ትን የሚለው ከሆነ ወፈር ያለ አጥሚት ወይም ለስላሳ ገንፎ ይቀለዋል። ሲመገብ ዘወትር የሚያስለው ከሆነ ግን ለሐኪም ይታይ።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁለት ሦስት ምግብ ብቻ መርጦ ሌላውን እምቢ ሊል ይችላል። አታስገድዱት። ከሚወደው ጎን አዲሱን በጥቂቱ እያስቀመጣችሁ ደጋግማችሁ አቅርቡለት።

ሸክሙን እንከፋፈል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ይህን ሁሉ አንዲት እናት ብቻዋን ልታደርገው አትችልም። ሌሊት የማይተኛ ልጅ ይዛ ቀን የምትሠራ እናት እርሷም ትታመማለች። በአንዳንድ ቤትም ታላቅ እህቲቱ ትምህርቷን ትታ ጠባቂ ትሆናለች፤ በአንድ ልጅ ችግር ሁለት ልጆች ይጎዳሉ። ልጁን ጓዳ መቆለፍ ደግሞ ሸክሙን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የተደበቀን ልጅ የሚረዳ ሰው አይገኝምና።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ወላጆች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። ልጁን በጨዋታና በቤት ሥራ መሐል ማስተማርን ያሳያል፤ ወላጅ ራሱን እንዲንከባከብም ያስተምራል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። በ2021 ሕይወታቸው ቢያልፍም፣ ልጃቸውን ከመደበቅ ይልቅ በአደባባይ ስለ እርሱ መናገራቸው ለብዙ ወላጆች በር ከፍቷል።

እኛስ ምን እናድርግ? አባት ሆይ! ከመግሪብ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት አንተ ያዘው፤ እናቱ ትረፍ። ጎረቤት ሆይ! «አይዞሽ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ጠብቂላት። ኡስታዞች ሆይ! ልጁ እንደ ሌሎቹ ባይቀራ እንኳ ከልጆች ጋር አብሮ ይቀመጥ። የሌሎች ልጆች ወላጆችም «እንዳይጋባባቸው» ብላችሁ አታርቁት፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር አይደለም።

እነዚህ ልጆች አማና ናቸው። አማናው ለእናቲቱ ብቻ የተሰጠ ሳይሆን የሁላችንም ነው። አላህ ለወላጆቻቸው ሶብሩን፣ ለእኛም የምናግዝበትን ልብ ይስጠን። አሚን!