የተወሰደ ጎጆ ይመለስ



ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንዳስጨነቃት ጠየቁ፤ ልጆቿ እንዲመለሱላትም አዘዙ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ማዘን ብቻውን አይበቃም፤ የተወሰደው ይመለስ። ዛሬ ከጎጆ ጫጩት የሚወስድ ጥቂት ነው። ጎጆው የሚሠራበት ዛፍና ደንገል ግን እየተወሰደ ነው።

አሞራ ገደልን እንመልከት። ዓሣ ሲበለት ከአባ ኮዳ ጎን ሆኖ ትርፍራፊ የሚለቅመው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተመድቧል። ጎጆውን የሚሠራው ዛፍ ላይ ነው፤ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለውም አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ጎጆ ያለበት ዛፍ ሲቆረጥ የወቅቱ ልጅ አብሮ ይጠፋል።

የሐዋሳ ሐይቅን የሚመግበው የጥቁር ውሃ ወንዝም ከዚህ አይለይም። የዳርቻው ደንገል ታጭዶ መሬቱ ሲታረስ የውሃ ወፎች መፈልፈያ ያጣሉ፤ ደለሉም መውጫ ወንዝ ወደሌለው ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ታዲያ እንዴት እንመልስ? አገር በቀል ዛፍ እንትከል፤ ደንገሉን አንንካ፤ ጎጆ ያለበትን ዛፍ አናስቆርጥ። ሙስሊም ከተከለው ወፍ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።