ቅዱስ መጽሐፍን ስናነብ ማንን እናያለን?

በወገራ ምድር፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምባ ጊዮርጊስ፣ ጎሕ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ የዕለቱን ዳዊት የሚደግም ምእመን ዛሬም አለ። ከደጋው ብርድ ይልቅ የጸሎቱ መታጎል የሚከብደው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ልማድ የተመሰገነ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው፣ መጽሐፉ ከታጠፈ በኋላ በልባችን የሚቀረው ምንድር ነው የሚለውን ነው፤ ምርመራውንም ከራሳችን እንጀምራለን።

ከመቅደስ አገልግሎት ስንመለስ እርሻ የምናርስ ነንና፣ ከጎረቤታችን ጋር በገብስ ማሳ ወሰን ክርክር ነበረን። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ነገሩን ሳይቈርጡት ቀሩ። በዚያው ሰሞን ኦሪት ዘዳግምን ስናነብ፣ የባልንጀራውን ወሰን የሚያፈልስ ሰው እንደሚረገም ከሚናገረው ከምዕራፍ 27 ደረስን። እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። ቃሉን በወረቀት ገልብጠን ለሽማግሌዎቹ ለማሳየት እስከ ማሰብ ደረስን። ቀጥሎም የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ አነበብን፤ በዚያም አክዓብ ጎረቤታችን፣ ናቡቴም እኛ ሆንን። አንድ ቀን እንኳ ነገሩን ገልብጠን አላየነውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 12 ላይ ደረስን። ነቢዩ ናታን ብዙ በጎች ያሉት ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረደ ለንጉሥ ዳዊት ሲነግረው፣ ንጉሡ ተቈጥቶ ፈረደ። እዚህ ላይ አንባቢው በርጋታ ቢያስተውለው የምንወደው ነገር አለ። ዳዊት ሕጉን አልሳተም፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 በግ ሰርቆ ያረደ ስለ አንዲቱ አራት እንዲከፍል ታዝዟልና፣ በግ ስለ መክፈል የፈረደው ከኦሪቱ ጋር የተስማማ ነበር። ለድኻውም ያዘነው ከልቡ ነው። ያልታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የተከሳሹ ማንነት። ሕግ አዋቂ፣ ቅን ፈራጅ፣ ለተበደለ የሚቈጣ ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን ሳያውቅ ተቀምጦ ነበር።

ያን ጊዜ ያቺ ትልም ትዝ አለችን። በየዓመቱ ስናርስ በሬዎቹ ወሰኑን ጥቂት ሲያልፉ እያየን ዝም እንል ነበር። አንዲት ትልም ምን አላት? እያልን ስንት ዓመት እንዳረስን እግዚአብሔር ያውቃል። መዝሙር 50ን፣ ዳዊት ናታን ከመጣበት በኋላ የጸለየውን፣ በቃላችን ስንደግመው ኖረናል፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ንስሓ አድርገን ነበር የደገምነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙ በማትርቀው በጎንደር፣ ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች በተለዩባት ከተማ፣ ብሉዩ፣ ሐዲሱ፣ ሊቃውንቱና መነኮሳቱ በየጉባኤያቸው ሲተረጎሙ፣ መምህሩ አንዱን ምሥጢር ከገለጸ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። ቃሉ በመጀመሪያው ፍች እንደማያልቅ ለደቀ መዝሙሩ ያስተምረዋል። እኛ ግን ቃሉ በጎረቤት ላይ ከወደቀ በኋላ «አንድም» ማለት አቆምን። ይህን ስንል ማንም ከልቡ ትርጓሜ ያውጣ ማለታችን አይደለም፤ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ እንኳ ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ ሲያነብ የሚመራው ያስፈልገው ነበርና ፊልጶስን ከአጠገቡ አስቀምጦታል። ከ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ዕትም ወዲህ መጽሐፉን በየቤቱ ማንበብ ቀንቷል፤ ለክርክር ጥቅስ መምዘዝም አብሮ ቀንቷል። የመጀመሪያው ታላቅ በረከት ነው፤ ሁለተኛውን ግን በራሳችን አይተነዋል።

የገለበጥነውን ወረቀት ለሽማግሌዎቹ አላሳየንም። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀመጡ የትልሙን ነገር ነገርናቸው፤ የወሰኑም ድንጋይ በፊታቸው ወደ ጥንት ስፍራው ተመለሰ። ጎረቤታችን ምንም አልተናገረም። እስከ ዛሬም እንደ ቀድሞው ከቤታችን ገብቶ አይጫወትም፤ በየሰዉ ፊት አክዓብ ስንለው ሰምቶ ኖሯልና አንፈርድበትም።