ለ20 ቅጂ ኅትመት የማይከብድ መንገድ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ባለ 30 ገጽ መጽሔት በ20 ቅጂ ማሳተም አለብኝ። ማተሚያ ቤት የጠየቀኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋጋ የጠየቁት ኦፍሴት ማተሚያ ቤት ሳይሆን አይቀርም። ኦፍሴት ለሙሉ ቀለም 4 ፕሌት ይፈልጋል፤ 20 ቅጂም ይታተም 2000፣ የፕሌቱ ወጪ ያው ነው። ለእርስዎ የሚስማማው ዲጂታል ኅትመት ነው።

ትልቁ ቁጠባ ግን ከገጽ አቀማመጡ ይመጣል። ገጹን ኤ5 ያድርጉት። አንድ ኤ3 ወረቀት ፊትና ጀርባው ሲታተም 8 የኤ5 ገጽ ይይዛል። 30 ገጹን 32 ቢያደርሱት አንዱ ቅጂ በ4 ኤ3 ወረቀት ያልቃል፤ ባዶ የሚቀር ገጽ የለም፣ በስፌት ሽቦም ይያዛል።

ወረቀቱን ራስዎ መርካቶ ካሉ የወረቀት ነጋዴዎች ቢገዙ፣ ለሽፋን ደግሞ ማተሚያ ቤቶችን የተረፈ ቁራጭ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ለተማሪ ብዙዎቹ እጃቸው አይታጠፍም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ማሽኑ ስንት ግራም ድረስ የሆነ ወረቀት እንደሚቀበል የማሽኑን ባለሙያ ይጠይቁ። ሥራዎ ፎቶግራፍ የሚበዛበት ከሆነም ፋይሉን አስቀድሞ ያይልዎት፤ በስክሪን የደመቀ ቀለም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

እባክዎ አንድ የሙከራ ቅጂ በእጅዎ ሳይዙ 20ውን አያሳትሙ።