ማሸጊያው ምን ይላል? የቀለም ፊዚክስ በነገሌ ቦረና ሱቆች

በሱቅ ባንኮኒ ፊት የቆመ ሸማች አንዱን ሸቀጥ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ጽሑፉን አንብቦ» ብለን እንመልስ ይሆናል። ነገር ግን ከጽሑፉ አስቀድመው የሚናገሩት የማሸጊያው ቀለምና ቅርጽ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ንግግር እንዴት እንደሚሠራና መቼ እንደሚያሳስት እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥናቸው ነገሌ ቦረናን፣ ፊልቱንና ሞያሌን የመሳሰሉ የደቡብ ቆላማ አካባቢ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ሁለቱ በላቲን፣ አንዱ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ። ከኬንያ በሞያሌ በኩል የሚገባው ሸቀጥ ደግሞ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ፊደል ለቆጠረውም ላልቆጠረውም ገዢ ቀለም የጋራ ቋንቋ ይሆናል።

ከባንኮኒው ማዶ

ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው ቢያንስ 1 የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የ1 ዲግሪ 1/60ኛ፣ ያህል ልዩነት ይፈልጋል። አንድ የላቲን ፊደል እንዲነበብ ቁመቱ 5 ያህል የማዕዘን ደቂቃ መያዝ አለበት። ገዢው ከመደርደሪያው 3 ሜትር ርቆ ቢቆም፣

የፊደሉ ቁመት = 3000 ሚ.ሜ. × 0.00145 ≈ 4.4 ሚ.ሜ.

ይሆናል። የግዕዝ ፊደላት በትንንሽ ቅጥያዎች ስለሚለያዩ ከዚህ የሚበልጥ ቁመት ይሻሉ። እንግዲህ በ2 ሚሊ ሜትር ቁመት የታተመ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከባንኮኒው ማዶ ሊነበብ አይችልም። በአንጻሩ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀይ መደብ በዚያው ርቀት 115 ያህል የማዕዘን ደቂቃ ስለሚይዝ ወዲያው ይታያል። የማሸጊያ ነዳፊው ከሩቅ እንዲታይ የሚፈልገውን ለቀለም፣ በቅርብ ቢነበብ ይበቃል ያለውን ለትንሹ ጽሑፍ ይሰጣል።

ፀሐይ አስቀድማ የምታጠፋው ቀለም

ቀይ ቀለም ቀይ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን መጥጦ ቀዩን ስለሚያንፀባርቅ ነው። የአንድ ፎቶን ኃይል በኤሌክትሮን ቮልት ሲለካ 1240 ለሞገድ ርዝመቱ (በናኖ ሜትር) ተካፍሎ ይገኛል። በዚህም መሠረት 450 ናኖ ሜትር ያለው ሰማያዊ ፎቶን 2.76፣ 650 ናኖ ሜትር ያለው ቀይ ፎቶን 1.91፣ 350 ናኖ ሜትር ያለው የአልትራቫዮሌት ፎቶን ደግሞ 3.54 ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛሉ። የነጠላ የካርቦን ትስስር ጥንካሬ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ አልትራቫዮሌት የቀለም ሞለኪውሎችን ለመጉዳት ምን ያህል እንደሚቀርብ እንረዳለን።

ቀይና ቢጫ ቀለሞች ኃይለኛውን የብርሃን ክፍል ይመጥጣሉ፤ ሰማያዊ ቀለም በአብዛኛው ደካማውን። በዚህ ላይ ለኅትመት የሚውሉት ሰማያዊና ጥቁር ቀለሞች የሞለኪውል አሠራራቸው ጠንካራ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ማስታወቂያ ቀዩ ነጥቶ ሰማያዊው የሚቀረው በነዚህ ምክንያቶች ነው። ነገሌ ቦረና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ትገኛለች። ፀሐይ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ከአናቷ በላይ ታልፋለች። አልትራቫዮሌትም በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

አደጋው የት ላይ ነው?

አካባቢው የከብት አርቢ አገር ነውና የመዥገር መርጫ በሰፊው ይፈለጋል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የፀረ ተባይ መርዞች ማሸጊያ ከግርጌው የቀለም መቀነት እንዲኖረው ይመክራሉ። ቀይ እጅግ አደገኛውን፣ ቢጫ መካከለኛውን፣ ሰማያዊ አነስተኛውን ያመለክታል፤ አረንጓዴ ከሁሉ ዝቅ ያለውን። አሁን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ እናስተያያቸው፦ ኅትመቱ ደካማ ከሆነ ፀሐይ ቀድማ የምታጠፋቸው የከባዱ አደጋ ምልክቶች ናቸው። ከቢጫና ከሰማያዊ የተቀየጠ አረንጓዴም ቢጫው ሲለቀው ወደ ሰማያዊ ያደላል። የወየበ መቀነት ስለዚህ የደኅንነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ቅርጽም እንደ ቀለም ይናገራል። «ሃይላንድ» የምንለው ብርሃን አሳላፊ ጠርሙስ ለማንም ሰው፣ በተለይ ለሕፃን፣ «ውኃ ነኝ» ይላል። መርጫ ወይም ነጭ ጋዝ ሲገለበጥበት ማሸጊያው ይዋሻል፤ ሞት የሚያስከትልም ውሸት ነው። መርዝ ከመጀመሪያ ዕቃው መውጣት የለበትም፤ ባዶው የመርዝ ዕቃም ለውኃ መቅጃ መዋል የለበትም።

ለተማሪዎች ሙከራ

ባለ ቀይ፣ ባለ ቢጫና ባለ ሰማያዊ ኅትመት የሆኑ ባዶ የብስኩትና የሳሙና መጠቅለያዎችን ውሰዱ። የእያንዳንዱን ግማሽ በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ለ6 ሳምንት አስቀምጡ። ከዚያም ካርቶኑን አንስታችሁ የተሸፈነውንና ያልተሸፈነውን ክፍል አወዳድሩ። የትኛው ቀለም ይበልጥ ተለወጠ? ለምን? ውጤቱን ለአካባቢያችሁ ባለሱቆች አሳዩ፤ የመርዝ ዕቃዎችን ከፀሐይ እንዲከልሉም ንገሯቸው። እናንተም ስትገዙ ዕቃውን በእጃችሁ ተቀብላችሁ ትንሹን ጽሑፍ በቅርብ አንብቡ።